አቡነ ዮሴፍን በአራት ቀን፦ ከላሊበላ ተነስቶ ደህና የመመለሻ ዝርዝር መመሪያ

አቡነ ዮሴፍ ተራራ ልወጣ ብሎ ሄዶ ጫፉን ሳያይ የተመለሰ ሰው ብዙ አውቃለሁ። አቅም አንሷቸው አልነበረም። ቸኩለው ነው። እኔም የመጀመሪያ ጊዜ ከአዲስ አበባ በጠዋት በረራ ላሊበላ ገብቼ፣ ከሰዓት በኋላ መውጣት ጀመርኩ። ማታ ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ፣ የበላሁት አልረጋ አለኝ፣ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አነጋሁት። በማግስቱ ያለኝ ምርጫ መውረድ ብቻ ነበር።

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ 4,260 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ልዩነት በእግር ለመውጣትና ለመውረድ አራት ቀን ያዙ። በሦስት ቀን እንጨርሰዋለን የሚሏችሁን አትስሙ።

1. ወቅቱን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ ጥር ሂዱ። መሬቱ ደርቋል፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። መስከረም ዓይን ይማርካል፣ ግን ጭቃው ገና አልጠነከረም። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ አለ። የወሎ ደጋ በበልግ የሚያርስ አገር ነውና "በጋ ነው" ብላችሁ አትዘናጉ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን አትሞክሩት።

ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ አለ። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ላሊበላ ላይ ሹራብ የሚያስወልቅ ቀን፣ ጫፉ ላይ ጓንት ያስፈልጋል።

የገናን ሳምንት ለጉዞው አትምረጡ። ከተማው በምዕመናን ይሞላል፣ አልጋም በቅሎም አይገኝም። ለበዓሉ የሄደ ሰው በዓሉን አክብሮ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ ይውጣ።

2. ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት መንገዱን አጣሩ

የአካባቢው ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ለሁለት ሰው ደውሉ፤ አንዱ ከተማ ውስጥ ያለ፣ ሌላው ተራራው ላይ የሚኖር ይሁን። ከተማው ሰላም ሆኖ የገጠሩ መንገድ የተዘጋ ሊሆን ይችላል። በመኪና የምትመጡ ከሆነ ከወልድያ በጋሸና ታጥፋችሁ ነው የምትገቡት፣ ስለዚህ ይህንንም መስመር ለብቻው ጠይቁ።

አስጎብኚው "አሁን አይሆንም" ካላችሁ አትከራከሩት። ዋጋ ለመጨመር አይደለም የሚለው። ለጎረቤት ቀበሌ የደወለ እሱ ነው።

3. ስድስት ሳምንት ተለማመዱ

አዲስ አበባ ያላችሁ በሳምንት ሁለቴ እንጦጦ ውጡ። ደሴ ያላችሁ ጦሳ አለላችሁ። ኮምቦልቻ ወይም ቆላ የምትኖሩ ለላሊበላ አንድ ቀን ተጨማሪ ያዙ።

ልምምዱ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ሲወጣ በእግሩ ይወጣል፣ ሲወርድ ታክሲ ይይዛል። መውረዱን ተለማመዱ። አቡነ ዮሴፍ ላይ ሰውን ሲያነክስ ያየሁት ቁልቁለቱ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አምስት ኪሎ የሚሆን ነገር በጀርባችሁ ያዙና፣ እሱን ይዛችሁ ውረዱ።

የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ መጀመሪያ ሐኪም ይጠይቁ።

4. አስጎብኚ፣ ስካውትና ባለ በቅሎ ያዙ

ብቻችሁን አትውጡ። ስካውት የሚባለው አብሯችሁ የሚሄድ የአካባቢው ጠባቂ ነው። መንገዱ በየቦታው ይከፈላል። ከብት የሄደበት ሁሉ መንገድ ይመስላል፣ አንዳንዱ ግን ገደል አፋፍ ላይ ሄዶ ያልቃል።

ላሊበላ ከተማ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ያዙ። መታወቂያውን ጠይቁ፣ ይህ ስድብ አይደለም። ሦስት ጥያቄ አቅርቡለት፦ ለመጨረሻ ጊዜ ጫፉ ላይ የወጣው መቼ ነው? ሰው ቢታመምበት በየት በኩል ያወርደዋል? ማደሪያዎቹ ክፍት መሆናቸውን ዛሬ ደውሎ አረጋግጧል? ሁለተኛውን ጥያቄ ወዲያው ካልመለሰ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ከዚያ ሂሳቡን በወረቀት ላይ ጻፉ። የአስጎብኚው የቀን ክፍያ፣ የስካውቱ፣ የባለ በቅሎው፣ የማደሪያው፣ የምግቡና የመግቢያው። ሁልጊዜ የሚረሱት ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የሠራተኞቹን ቀለብ ማን ይችላል? ሁለተኛ፣ በቅሎው ከመነሻችሁ ሌላ ቦታ ላይ ከተለያችሁ ባዶውን የሚመለስበት ቀን ይከፈላል ወይ? በእኔ እምነት መከፈል አለበት፤ ሰውየው ያን ቀን ሌላ ሥራ አይሠራም። ይህ ሳይነገር ቀርቶ አራት ቀን አብረው እንጀራ የቆረሱ ሰዎች መጨረሻ ላይ ተቀያይመው ሲለያዩ አይቻለሁ።

በተራራው ላይ ባንክ የለም። የ50ና የ100 ብር ኖቶች ያዙ።

5. ጭነቱን በሁለት ክፈሉ

አንዱ ሻንጣ በቅሎው ላይ ይጫናል፣ ሌላው ጀርባችሁ ላይ ይሆናል። በቅሎዋ ቀድማችሁ ወይም ከኋላችሁ ዘግይታ ትሄዳለች፤ ዝናብ ሲመታችሁ አጠገባችሁ አትኖርም። ስለዚህ የዝናብ ልብስ፣ አንድ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ቆሎ፣ መድኃኒት፣ የራስ ባትሪና ስልክ ከጀርባችሁ አይለዩ።

በቅሎው ላይ የሚሄደውን ወደ ሁለት እኩል ሸክም ክፈሉት። ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ጭነት በቅሎዋን ያቆስላል፣ ጠባብ መንገድ ላይም ይጥላታል። ምን ያህል እንደምትችል የሚወስነው ባለ በቅሎው ነው። "ትንሽ ጨምርበት" አትበሉት።

*ጫማ።* አዲስ ጫማ አድርጋችሁ አትምጡ። ቢያንስ ሦስት ሳምንት የተጓዛችሁበት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ይሁን። የቦንዳ ጫማ የምትገዙ ከሆነ ሶሉን በደንብ መርምሩ። ብዙ ዓመት ተቀምጦ የኖረ የተራራ ጫማ ላዩ አዲስ ይመስላል፣ ሙጫው ግን አርጅቷል። በሁለተኛው ቀን ሶሉ እንዳለ ይላቀቃል። ከመነሳታችሁ በፊት ለሊስትሮ ሰጥታችሁ ዙሪያውን አሰፉት። የእግር ጥፍራችሁንም በአጭሩ ቁረጡ፤ ረጅም ጥፍር ቁልቁለት ላይ ከጫማው ጋር ሲጋጭ ደም ይቋጥራል።

*ልብስ።* ጋቢ ማታ እሳት ዳር ወርቅ ነው። ለመንገድ ግን አይሆንም፤ ጥጥ ከረጠበ አይደርቅም። የሱፍ ሹራብ ወይም ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ልብስ ደራርቡ። ፀሐዩን አትናቁ፤ ብርድ እየመታችሁ ፊታችሁ ይላጣል። ባርኔጣ፣ መነጽርና የፀሐይ ቅባት ያዙ።

*ዱላ።* ላሊበላ ገበያ አንድ ጥሩ ዱላ ግዙ። ጉልበታችሁን የሚያድነው እሱ ነው።

*ስንቅ።* በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ለዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ማደሪያው ላይ ሽሮና የገብስ እንጀራ ታገኛላችሁ። ረቡዕና ዓርብ፣ በጾም ወቅትም የፍስክ ምግብ አትጠብቁ።

ጿሚ የሆናችሁ ይህን አስቀድማችሁ አስቡበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ ጫፉን መውጣት አደገኛ ነው። የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ ወይም ቀኑን ቀይሩ። ረመዳን ላይ ያላችሁም ቀኑን አሸጋግሩት።

6. ላሊበላ ሁለት ሌሊት እደሩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ነው መንገድ ላይ የሚቀረው። "እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ለምጃለሁ" የሚለው ነገር በከፊል እውነት ነው። እስከ 3,000 ሜትር ይጠቅማችኋል። ከዚያ በላይ ግን ሰውነታችሁ እንደ አዲስ ነው የሚማረው።

በመጀመሪያው ቀን አብያተ ክርስቲያናቱን ቀስ ብላችሁ ተሳለሙ። በሁለተኛው ቀን ሁለት ሰዓት የሚፈጅ አቀበት ወጥታችሁ ተመልሳችሁ ታች ተኙ። ውሃ ጠጡ። ጠጅና አረቄ እስክትመለሱ ይቆዩ፤ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽን ያቀዘቅዛሉ።

ከመነሳታችሁ በፊት፦ ገደሉ እንዴት እንደተሠራ እወቁ

ይህ ተራራ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገነባ ነው። አንዱ ፍሳሽ በሌላው ላይ እየተደራረበ ስለረጋ ተራራው ደረጃ ደረጃ ሆኗል። ገደል፣ ከዚያ ሜዳ፣ እንደገና ገደል። ይህን ማወቅ መንገድ ላይ በሦስት ነገር ይጠቅማል።

ገደሉ የሚታለፈው በር፣ ማለትም መተላለፊያ ክፍተት፣ ባለበት ቦታ ብቻ ነው። በሩ ከጠፋባችሁ ወደ ጎን በሜዳው ሂዱ እንጂ ቀጥታ ለመውጣት አትሞክሩ። ውሃም የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከገደሉ ሥር ነው። በድንጋዩ ስንጥቅ የሰረገው ውሃ ከታች ያለው ቀይ ሸክላ ሲያግደው ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ያው ቀይ ሸክላ ግን ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ቀይ መሬት ስታዩ እርምጃችሁን አሳጥሩ።

7. ቀን አንድ፦ በአሸተን ማርያም በኩል ወደ መጀመሪያው ሜዳ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሱ። አቀበቱ ከከተማው ጀርባ ይጀምራል። እየተራመዳችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው፤ ቀንሱ። ከቡድኑ በጣም ቀርፋፋው ሰው ከአስጎብኚው ኋላ፣ ከፊት ይሁን። ፈጣኑ ከኋላ ይሁን።

አሸተን ማርያም ላይ እረፉ፣ ተሳለሙ፣ ብሉ። ላብ ያራሰውን ልብስ ከመቀመጣችሁ በፊት ለውጡ፤ ነፋሱ እዚያ ላይ ወዲያው ነው የሚያቀዘቅዘው።

በመንገድ ላይ የጫነ በቅሎ ወይም አህያ ሲመጣ ወደ ተራራው በኩል ጠጉና ቁሙ። በገደሉ በኩል አትቁሙ። ጭነቱ ሲነካችሁ የምትገፉት ወደ ክፍት ቦታ ነው።

ማደሪያችሁ 3,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ሜዳ ይሁን። ከሰዓት 9 ሰዓት ሳይሞላ ግቡ።

*እግራችሁ ከሞቀና ከተለበለበ፦* እዚያው ቁሙ። ማታ እናየዋለን አትበሉ። ጫማውን አውልቁ፣ አድርቁ፣ ፕላስተር ለጥፉ፣ ካልሲ ቀይሩ። ውሃ ከቋጠረ በኋላ አታፍርጡት፤ ዙሪያውን ቀዳዳ ባለው ጨርቅ ከልላችሁ ከላይ ሸፍኑት።

*ውሻ ከመጣ፦* አትሩጡ። ስካውቱ ከፊት ይሁን፣ ባለቤቱን ይጣራ። የነከሰ ውሻ ካለ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ጉዞውን አቋርጣችሁ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወደሚገኝበት ውረዱ። ይህ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም።

8. ቀን ሁለት፦ አጭር ጉዞ፣ ረጅም ዕረፍት

ከ3,000 ሜትር በላይ የምትተኙበት ቦታ ካለፈው ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይብለጥ። ስለዚህ ዛሬ ጉዞው አጭር ነው። ጥሩ ስሜት ሲሰማችሁ "ዛሬውኑ ጫፉን እንጨርሰው" የሚል ሰው አይጠፋም። እምቢ በሉ።

ከዚህ በላይ የጓሳው ሣር፣ የአስታው ቁጥቋጦና ረጅሙ የጅብራ ተክል ይጀምራል። የጭላዳ መንጋ ታያላችሁ። ምግብ አትስጡ፤ የለመደ ጭላዳ የገበሬውን ገብስ ነው የሚጨርሰው። ቀይ ቀበሮ ካያችሁ ቁጭ በሉና ዝም በሉ። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ እንደሆኑ ይገመታል፤ ተከትላችሁ ፎቶ አታንሱ።

*ውሃ፦* የምንጭ ውሃ ንጹሕ ቢመስልም ከብት ከላይ ይጠጣበታል። አፍሉት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ሳይደርስ ነው የሚፈላው፤ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ ተዉት። ማገዶ ከሌለ ውሃ አጋር ወይም የክሎሪን እንክብል ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

*ማታ ሲበርዳችሁ፦* የከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ ወይም ድንኳን ውስጥ አስገብታችሁ፣ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ። ስልካችሁንም ብርድ ልብስ ውስጥ አስገቡት፤ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል።

ከፍታ ሲያማችሁ

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት።

*ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማዞር፣ እንቅልፍ እምቢ ማለት፦* እነዚህ መጀመሪያዎቹ ናቸው። ለአስጎብኚው ንገሩ። ዝም ማለት ጀግንነት የሚመስለው ሰው ቡድኑን ሁሉ አደጋ ላይ ይጥላል። ባላችሁበት እደሩ፣ ፓራሲታሞል ውሰዱ፣ ውሃ ጠጡ። እስኪጠፋ ድረስ አንድ እርምጃ ወደ ላይ አትውጡ። ካልተሻለ ውረዱ።

*እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ፣ የሚናገረው መምታታት፦* ሰውየውን በቀጥታ መስመር ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ እንዲራመድ አድርጉት። ካቃተው አንጎሉ ተነክቷል ማለት ነው።

*ተቀምጦ እያለ መተንፈስ ማቃት፣ አረፋ ያለው ሳል፦* ሳንባው ውሃ እየሞላ ነው።

ለኋለኞቹ ሁለቱ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፦ አሁኑኑ ማውረድ። ሌሊትም ቢሆን። በሰው ታጅቦ። መራመድ ካልቻለ ስካውቱ የአካባቢውን ሰው ይጥራ። የደጋው ሰው የታመመን በቃሬዛ ማውረድ የለመደ ነው፤ ከእናንተ የሚጠበቀው ሳይዘገዩ መናገር ነው። መኪና የሚገባበት ስትደርሱ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥሩ 907 ነው። ኔትወርክ የሚያገኘውን ጉብታ አስጎብኚው ያውቀዋል።

ዳያሞክስ የሚባለውን የከፍታ ሕመም መድኃኒት ከመጓዛችሁ በፊት ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት። ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ያለበት ሰው በራሱ እንዳይወስደው። የእንቅልፍ ክኒን አትውሰዱ።

9. ቀን ሦስት፦ ጫፉ

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሱ፣ ትኩስ ነገርና በሶ ያዙ፣ 11 ሰዓት መንገድ ጀምሩ። ከመነሳታችሁ በፊት የመመለሻ ሰዓት ከአስጎብኚው ጋር ተስማሙ። የእኔ ምክር ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ጫፉ ሃምሳ ሜትር ቢቀረውም ዙሩ። ከሰዓት በኋላ ጉሙና መብረቁ ይመጣል።

ላዩ ላይ ድንጋዩ ልቅ ነው። ከእናንተ በላይ ያለው ሰው የረገጠው ድንጋይ ይንከባለላል። በጠመዝማዛው መንገድ ላይ ማንም ከማንም በታች አይቁም። ድንጋይ የነቀለ ሰው "ድንጋይ!" ብሎ ይጩህ።

*ጉም ከወረደ፦* ተሰብሰቡ። አስጎብኚው ከፊት፣ ስካውቱ ከኋላ፣ እናንተ በመሃል። አስጎብኚው ራሱ ከተጠራጠረ ቁጭ በሉ። ጉም ብዙ ጊዜ ይገለጣል።

*መብረቅ ከሰማችሁ፦* ከአፋፉ ወዲያው ውረዱ። ብቻውን በቆመ ጅብራ ወይም ዛፍ ሥር አትጠለሉ። የብረት ዱላ ጣሉ። ተራርቃችሁ፣ ሁለት እግራችሁን ገጥማችሁ ቁጢጥ በሉ።

ጫፉ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ አትቆዩ። ወደ ሁለተኛው ማደሪያ ተመለሱ፤ አቅም ያለው ወደ መጀመሪያው ሜዳ ይውረድ።

10. ቀን አራት፦ ቁልቁለቱ

ሰው ሁሉ "አለቀ" ብሎ የሚዘናጋበት ቀን ነው። ብዙው ወለምታ የሚደርሰው ዛሬ ነው።

የጫማችሁን ክር ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቁት። እርምጃችሁ አጭር፣ ጉልበታችሁ ትንሽ የታጠፈ ይሁን። ዱላውን ከእናንተ በታች አስቀድሙ፣ ከዚያ እግር። አትሩጡ፣ የመንደሩ ልጆች እየሮጡ ቢያልፏችሁም። በየ40 ደቂቃው እረፉ።

*ወለም ካላችሁ፦* ጫማውን አታውልቁ፤ ካወለቃችሁት እብጠቱ መልሶ አያስገባውም። ላዩን በሻሽ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ጭነቱን ለሰው ስጡ፣ በሁለት ዱላ ውረዱ። መርገጥ ፈጽሞ ካቃታችሁ በቅሎዋ ላይ ውጡ። ወጌሻ መንገድ ላይ እንዲያሸው አትፍቀዱ፤ ተሰብሮ ከሆነ ይብሳል። መጀመሪያ ራጅ ተነሱ።

ላሊበላ ስትገቡ ከመታጠባችሁ በፊት ሂሳብ ጨርሱ። ባለ በቅሎው ገና ወደ ቤቱ የሚወጣው መንገድ አለው፣ ሳይመሽበት ይሂድ። ከወረቀቱ ላይ እያነበባችሁ ለእያንዳንዱ በእጁ ስጡ፤ የሁሉንም ለአንድ ሰው አትስጡ። የተረፈውን ቆሎና ፕላስተር ተዉላቸው። የመመለሻ በረራችሁን በዚያው ቀን አታድርጉት፤ አንድ ሌሊት እደሩ፣ እግራችሁን በሙቅ ውሃና በጨው ዘፍዝፉ።

በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያማችኋል፤ ይህ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። ጉልበታችሁ ካበጠ፣ ወይም ሳሉ ከወረዳችሁ በኋላም ካልተዋችሁ፣ ወደ ሐኪም ሂዱና ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደነበራችሁ ንገሩት።